ድምፄ ከተዘጋ በኋላ የዘፈንሁት አልበም

መጀመሪያ ከፍ ያለችው ድምፅ ጠፋችኝ። ጎንደር፣ አዘዞ በተከራየናት ክፍል ከባንዱ ጋር ስንለማመድ፣ ሁልጊዜ ሳልቸገር የምወጣት ቦታ ላይ ስደርስ ከአፌ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ጉንፋን መሰለኝ። ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ ልምምዱን ቀጠልሁ።

የሜታል ዘፋኝ ነበርሁ። ሜታል ጊታሩና ከበሮው እንደ መብረቅ የሚወርድበት፣ ዘፋኙም ከጉሮሮው እየቧጠጠ የሚያጓራበት ሙዚቃ ነው። ቁስቋም ውስጥ የመሪጌታ ልጅ ሆና የምታጓራ ከእኔ በቀር አላውቅም። አባቴ አንድም ቀን አልከለከሉኝም። ስዘፍን ለመስማትም አንድም ቀን አልመጡም።

ጉንፋኑ አልሄደም። ጠዋት ድምፄ ይጎረንናል፤ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይዘጋል። ስውጥ ጉሮሮዬ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስለኛል። በመጨረሻ በልምምድ መሀል ምራቄን ስተፋ ደም አየሁ። ጊታሪስታችን ብሩክም አየው።

«ሐኪም ሳያይሽ ማይክ አልሰጥሽም» አለኝ።

የአንገት በላይ ሐኪሟ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ፣ ላሪንጎስኮፑን፣ በአፍንጫዬ አስገባች። የድምፅ አውታሮቼን ስክሪን ላይ አየኋቸው። ሁለት ነጫጭ እጥፋቶች ናቸው። የግራው ላይ ቀይ እብጠት ነበር።

«ፖሊፕ ይመስላል» አለች። «በቀዶ ጥገና እናወጣውና ለባዮፕሲ ምርመራ እንልከዋለን።»

«ካንሰር ነው?»

«አይመስለኝም። ውጤቱን ሳላይ ግን አልዋሽሽም።»

«መዝፈንስ?»

«መጀመሪያ መናገርሽን እናትርፍ።»

ለቀዶ ጥገናው የወሰዱኝ አባቴ ነበሩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። ማደንዘዣ ተወጋሁ። ነቃሁ። አፌን ከፈትሁ። ነርሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሐኪሟ ፍጹም ዝምታ አዘዘችኝ። «ሹክሹክታም አይቻልም» አለች፤ «እንዲያውም አውታሩን የሚያደክመው እሱ ነው።» ጎንደር ደግሞ ሰላም ያላሉት ሰው ይቀየማል። ስለዚህ የሚያውቀኝ ብዙ ሰው ወደሌለበት ወደ ድብ ባሕር፣ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ።

ጎረቤቶቿ «ምነው አትናገርም?» ብለው ጠየቁ። መልሱንም ራሳቸው አገኙት፤ ሱባኤ ይዛለች ተባለ። አክስቴ ጉሮሮዬ መታመሙን ብትነግራቸውም የሚሰማት አልነበረም። በሚስታቸው ሞት ብቻቸውን የቀሩት አያ ታከለ ከሰዓት በኋላ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡና ስለ እሷ ያወሩኛል፤ ገብስ ስታበጥር እንዴት እንደምታንጎራጉር፣ ተኳርፈው እንኳ ካፖርታቸውን ሳትሰፋ እንደማታድር። አንድ ቀን ሲነሡ «ልጄ፣ እንዲህ ሸጋ አድርጎ የሰማኝ የለም» አሉኝ። መመለስ አልችልም፤ እጃቸውን ሳምሁ።

ውጤቱ የመጣው በአክስቴ ስልክ ነው። ሐኪሟ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አስደረገች።

«ካንሰር አይደለም።»

አልጮህሁም። አክስቴ ጮኸችልኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። አለቀስሁ። ያለ ድምፅ።

የዝምታው ጊዜ ሲያበቃ የድምፅ ቴራፒ ጀመርሁ፤ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በስትሮ እየነፋሁ ቀስ ብዬ ማንጎራጎር፣ ከዚያ ነጠላ ቃላት፣ ከዚያ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች። የመጣልኝ ድምፅ ወፈር ያለና አነስ ያለ ነበር። «ማጓራቱ አበቃ፤ ወደዚያ ከተመለስሽ ፖሊፑም ይመለሳል» አለችኝ ሐኪሟ። «መዝፈን ግን ትችያለሽ።» ሁለተኛውን ነገር ለመስማት ጊዜ ወሰደብኝ፤ የመጀመሪያው ከባድ ነበር፤ የቀድሞው ማንነቴ የተቀበረ ያህል አዘንሁ።

ብሩክ ሲሰማ ከእኔ ጋር አላዘነም፤ ጊታሩን አንሥቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገና «እስኪ እዚህ ላይ ሞክሪው» አለኝ። ያች ቀን የአልበሙ መጀመሪያ ሆነች። እዚያችው አዘዞ ክፍል ውስጥ፣ ስደክም እያረፍሁ፣ ሮክም ፖፕም፣ ባላድ የሚባሉትን ዝግ ያሉ ዘፈኖችም በስሜ ቀዳሁ። አንዱን ባላድ አያ ታከለን አስፈቅጄ ስለ እሳቸውና ስለ ሚስታቸው ጻፍሁት።

አልበሙ እንዳለቀ አባቴ «አሰሚኝ» አሉኝ። ያንን ባላድ ከፈትሁላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እስከ ዛሬ ዘፈንሽ ሲከፈት ቃሉ አይለይልኝም ነበር» አሉ። «አሁን ሰማሁት። ማነው ሰውየው? ሚስቱን እንዴት ወድዷታል!»

ነገርኋቸው። ደግሜ እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ።

በድምፃችሁ የምትኖሩ ሁሉ፣ ዘፋኞች፣ አስተማሪዎች፣ የኔታዎች፣ ድምፃችሁ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ካለፈው ዝንጅብሉን ተዉትና የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደም ካያችሁ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ዝም በሉ ስትባሉ በሹክሹክታ አታጭበርብሩ። እንደ በፊቱ ሆኖ ባይመለስም የተመለሰውን አትናቁት። ያዳነችኝን ሐኪም፣ ያስጠጋችኝን አክስቴን፣ ማይክ የከለከለኝን ብሩክን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀድሞው ድምፄ አንዳንዴ ይናፍቀኛል። በዚህኛው ግን ጠዋት ተነሥቼ አባቴን «እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይሰሙኛል።