ባለ ፎቁ ጠመንጃ

ቀጤ የሚለውን ቅጽል ስሙን የሰማ ሰው ኩሩ ይመስለዋል። ሰውየው ኩራት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ነገሩ አንገቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ደን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ከጭነት መኪና ላይ ከወደቀ ወዲህ አንገቱ አልታጠፍ ብሎት ቀረ። ሰላም ሊልህ እንኳ እንደ ቁም ሣጥን ሙሉ ሰውነቱን አዙሮ ነው። ጎረቤቶቹ «የገዛ ጫማውን ካየ ሰነበተ» ብለው ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የማያስቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉንጩን የጠመንጃው ሰደፍ ላይ አስደግፎ ማነጣጠር አለመቻሉ።

ያበደ ጅብ ከደኑ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲያመራ፣ ሰው ሳይነክስ በፊት የሚጥል ተኳሽ ያስፈልጋል። በደን ጥበቃ ጣቢያው ያ ተኳሽ ቀጤ ነበር። አሁን ግን አለቃው ቁርጡን ነገሩት፤ የተኩስ ፈተናውን ካላለፈ ጠመንጃው ለሌላ ይሰጥና እሱ ፊሽካ አንጠልጥሎ በር ላይ ይቆማል። ፊሽካ! ከነነፍሱ ቢቀብሩት ይሻለው ነበር። ሚስቱ «በር መጠበቅም እኮ ሥራ ነው» ብትለው አንድ ሰሞን አኮረፋት።

መላውን ያመጣው ዋርሳው ነው፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ብየዳ ቤት ያለው። ይህ ሰው ጥቁር የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚውለው፤ ፎቶ ቤት ሲገባ እንኳ አያወልቀውም። እህቱ «ቆዳህ ላይ በይደኸው ነው እንዴ?» ትለዋለች።

«አንገትህ ወደ ጠመንጃህ መነጽር አልወርድም ካለ፣ መነጽሩ ወደ አንገትህ ይውጣ» አለው ዋርሳው። ሁለት የብረት እግሮች ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በብሎን ጠፍሮ የጠመንጃውን መነጽር ከአፈሙዙ በላይ ሽቅብ ሰቀለው። ቀጤ አንገቱን ሳያጎነብስ አየበት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጣቢያው ጠባቂዎች ግን ሲያዩት በሳቅ ፈረሱ።

«ፎቅ ሠራበት እኮ!»

«ላይኛው ክፍል ይከራያል ወይ?»

ስሙ ያን ቀን ወጣ፤ ባለ ፎቁ ጠመንጃ።

መነጽር ከተነካ ደግሞ ማስታረቅ የግድ ነው። ዓይን ያየበትና ጥይት የሚመታበት አንድ እስኪሆን የመነጽሩን ማስተካከያ ብሎን ማዞር፣ መተኮስ፣ እንደገና ማዞር፤ ጠባቂዎቹ ይህን «ማስታረቅ» ይሉታል። ቀጤና ዋርሳው ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው የተተወ ድንጋይ መፍለጫ ሄዱ። ቀጤ ቅርብ የተሰቀለውን ወረቀት መሐሉን አነጣጥሮ ሲተኩስ ጥይቱ ወርዶ ግርጌውን በሳው። ብሎኑን አዟዙሮ የቅርቡን አስተካከለና ሩቁን ሲሞክር፣ ይባስ ብሎ ጥይቱ ከወረቀቱ አናት በላይ አልፎ አቧራ አስነሣ።

«ይሄ ነገር ተረግሟል» አለ ቀጤ።

ዋርሳው ጣቱን አፈሙዙ ላይ አኖረ። «አልተረገመም። ዓይንህ ፎቅ ላይ ነው፣ ጥይትህ ምድር ቤት። ጥይቱ ደረጃውን ወጥቶ ነው ዓይንህን የሚያገኘው። ደጃፍህ ላይ ካገናኘሃቸው ጥይቱ ሽቅቡን ይቀጥላል። ሩቅ ቦታ ቅጠራቸው፤ ቅርብ ሆነህ ስትተኩስ ዝቅ እንደሚል እወቅ።»

እውነቱን ነበር። ብሎኑን መልሶ ከሩቁ ወረቀት ጋር ሲያስታርቀው ጥይቱ መሐሉ ላይ ዐረፈ፤ ቀጣዩም እዚያው። ቀጤ ዋርሳውን አቅፎ ሳመው። ሁለቱም የታረቀው ሁሉ ነገር መሰላቸው። ጥይቱ ደረጃውን ከመጀመሩ በፊት ደጃፉ ላይ ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል አንዳቸውም አላነሡም።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ፈተናው ልለፍ። ቀጤን ተኩስ ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ «ከታየህ ምታ፣ ካልታየህ ተወው።» ቀጤ ይህን ሕግ ዕድሜ ልኩን ጠብቋል። በዚህ ሕግ ሰው ቀርቶ የሰው ፍየል አልጎዳም።

የፈተናው ጠዋት አለቃው እንዲህ አሉ፤ «አውሬ ወንበር ላይ አስቀምጦ አያስተኩስህም። ከካቡ ጀርባ ተንበርክከህ ምታልኝ።» ካቡ ደረት የማይደርስ የድንጋይ አጥር ነበር። ዋርሳው ሥራውን ዘግቶ መጥቷል፤ ከካቡ ጫፍ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቆሞ «ዛሬ ፎቃችን ይመረቃል!» ይላል።

ቀጤ ተንበረከከ። በመነጽሩ ሲያይ ወረቀቱ፣ ክቡ፣ የክቡ መሐል ፍንትው ብሎ ታየው።

«ታየህ?» አሉ አለቃው።

«ጥርት ብሎ፣ ጌታዬ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ቃታውን ሳበ።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ፈነዳ። አቧራ፣ የድንጋይ ፍንካች፣ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት። ቀጤ ጠመንጃው ፈንድቶ የሞተ መሰለው። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ያ ወረቀት በመነጽሩ ውስጥ አሁንም አለ፤ ንጹሕ፣ ያልተነካ። መነጽሩ ከካቡ በላይ አሻግሮ ሲያይ አፈሙዙ ከካቡ በታች ኖሯል! እዚያው አፍንጫው ሥር ያለውን ድንጋይ ነው የመታው። የድሮው አንገቱ ቢሆን ጉንጩ ሰደፉ ላይ ወርዶ ድንጋዩን ባየው ነበር።

ዞረ፤ ሙሉ ሰውነቱን። ዋርሳው መሬት ላይ ተዘርሯል። ፊቱ ደም ብቻ ነው።

ቀጤ ክው አለ። አለቃው አልፈውት ሲሮጡ ያያል፣ ኮቴያቸው አይሰማውም። አንድ ሐሳብ ብቻ ጭንቅላቱ ውስጥ ተመላለሰ፦ ወንድምሽን ገደልኩት ብዬ በየትኛው አፌ እነግራታለሁ?

«ዓይኔ!» አለ የወደቀው። «ዓይኔ ጠፋ!»

አለቃው ውኃ አፍስሰው በመሐረብ ጠረጉት። አንዱ ዓይን ተገለጠ። ሁለተኛውም ተገለጠ። ደሙ የሚወርደው ከግንባሩ ነበር። ያ የማይወልቀው የብየዳ መነጽር አንድ መስታወቱ ደቅቋል፤ የድንጋይ ስባሪ ክፈፉ ላይ እንደ ምስማር ተሰክቷል። ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ፣ እኔ ራሴ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።

ዋርሳው ክፈፉን ዳሰሰ። «የኔንም ፎቅ አፈረስከው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁን ግን አልጨረሰውም።

አለቃውም ፊታቸው አመድ መስሏል። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ካብ ጀርባ ባላልክህ ኖሮ። ሌላ ቀን ወንበር ላይ ሆነህ ትፈተናለህ» አሉ።

ቀጤ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አስረከባቸው። «ፊሽካውን ይስጡኝ፣ ጌታዬ» አለ።

ማታ ሚስቱ የወንድሟን ግንባር በለብታ ውኃ ስታጥብ ቀጤ በሩ ላይ እንደ ግንድ ቆሞ ነበር። ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቋል። አልጮኸችም። ደም ያለበትን ጨርቅ ጨምቃ ቀና አለችና ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ምን ነካህ? አንተ እኮ ሳታይ ተኩሰህ አታውቅም።»

«ዛሬም ሳላይ አልተኮስኩም» አላት። «እንደ ዛሬ ጥርት ብሎ ታይቶኝ አያውቅም።»