አሯሯጭ ያልኩት ምክትል

ኤመሪቪል ያለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት የገባሁ ቀን ዋና አስተርጓሚዋ እትዬ በላይነሽ ማዳመጫ አንገቴ ላይ አንጠልጥለውልኝ ከመስታወት ጀርባ ካለች ጠባብ ክፍል አስቀመጡኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ተወያዮች ይቀመጣሉ፤ ወዲህ ደግሞ ጥናቱን ያዘዘው ደንበኛ ያዳምጣል። አወያዩ በእንግሊዝኛ የሚጠይቀውን ለተወያዮቹ በአማርኛ፣ የሚመልሱትን ለደንበኛው በእንግሊዝኛ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር።

«ከዚህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?» አሉኝ።

«ታክሲ እነዳ ነበር፣ እትዬ።»

«ጥሩ ነው። ሰውን ካልጠየቀው ቦታ እንደማያወርዱት ታውቃለህ ማለት ነው።»

እትዬ በላይነሽ ሳን ሆዜ ፍርድ ቤት ለዓመታት ያስተረጎሙ ሴት ናቸው። ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፣ ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ፣ የፈቃድ ፎርሙን ለእያንዳንዱ አዛውንት ተወያይ አጠገቡ ቆመው ያነቡለታል። ለእያንዳንዱ ጥናት የቃላት ዝርዝር ያዘጋጁ ነበር። ለአንዲት ቃል ሦስት ሰው ዘንድ ሲደውሉ አይቻለሁ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ነገር የሚያበዙ መስሎኝ ነበር።

የምርጫው ወቅት ደረሰና የአንድ ፕሬዝዳንት ዕጩ ዘመቻ ሥራ ሰጠን። ዕጩው ምክትሉን ገና አልመረጠም፤ አራት አማራጮች ነበሩት፦ አንድ ጡረታ የወጡ ጄኔራል፣ አንድ አንጋፋ ሴናተር፣ አንዲት የስቴት ገዥ እና አንድ ወጣት ከንቲባ። እኛ ዘጠኝ ኢትዮጵያውያን መራጮችን ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ባለ ክፍል ሰብስበን የማንን ስም እንደሚወዱ እንድንጠይቅ ታዘዝን።

በዕለቱ እትዬ በላይነሽ ፓሎ አልቶ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበሩ ብቻዬን ገባሁ። በዝርዝራቸው ላይ «ከፕሬዝዳንት ዕጩው ጋር ለምክትል ፕሬዝዳንትነት የሚወዳደር ሰው» ብለው ጽፈውልኛል። አወያዩ ግን ምላሱ መንኰራኩር ነው። ሐረጉን ሳልጨርስ ሌላ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ እንግሊዝኛውም በቀጥታ «የሩጫ ጓደኛ» ማለት ስለሆነ፣ «አሯሯጭ» አልኩና ተገላገልኩ። እንዲያውም ቃሉን ወደድኩት። የሯጭ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ቃል ያገኛል?

ከተወያዮቹ አንዱ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ የነበሩት ጋሽ መኩሪያ፣ ቀድመው መለሱ። «አሯሯጭ ከሆነማ ልጁ ይሁን። ጄኔራሉ በዚያ ዕድሜ የት ይችላሉ? ግማሹን አፍጥኖለት ይወጣል፣ ዋናው ይጨርሳል።»

ሌሎቹም እየሳቁ ተስማሙ፤ ዘጠኙም ከንቲባውን መረጡ። «ያፈጥናል፣ ከዚያ ቦታውን ለዋናው ይለቃል» ብዬ ተረጎምኩ። ከዘመቻው የመጣችው ሴትዮ የከንቲባው ትሕትና መስሏት ጻፈችው። እሷም የምትደግፈው ከንቲባውን ነበርና ደስ ብሏት ሄደች።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽ እንደ ደንቡ የውይይቱን የድምፅ ቅጂ ሲያዳምጡ ማዳመጫቸውን አወለቁ።

«ታዲዮስ፣ ና እስቲ። ምክትል ነው ያልካቸው ወይስ አሯሯጭ?»

«አሯሯጭ። ሲረዝምብኝ ሾርት ላድርገው ብዬ ነው።»

«አሯሯጭ እኮ መሐል ላይ ሊወጣ የሚገባ ሰው ነው። ይሄኛው ፕሬዝዳንቱ አንድ ነገር ቢሆን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ነው።»

ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ የቤተሰቤ የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ በዚህ ሥራ ነው የመጣው። «ሪፖርቱ ለደንበኛዋ ሰንድ ተደርጓል፣ እትዬ። ማን ያውቃል?» አልኩ። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«እኔና አንተ እናውቃለን» አሉኝ። «የማያውቁት ዘጠኙ ሰዎች ናቸው። ነውሩም እሱ ነው።»

ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ወደ ሊንዳ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ሊንዳ ከዘመቻው ሴትዮ ጋር በስልክ አገናኘቻቸው። ሴትዮዋ ውጤቱ እንደተመቻት፣ በአንዲት ቃል ምክንያት መድገም እንደማያስፈልግ ነገረቻቸው። እትዬ በላይነሽ «ሰዎቹ የመለሱት እርስዎ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው» አሏት። ሊንዳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እኔ ያዘጋጀሁት ሐረግ ረጅም ነበር፤ ለአፍ አይመችም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሡ።

ያን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። «ዝርዝሩ ትክክል ነበር። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ቅዳሜ ይደገም፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ድርጅት እፈልጋለሁ ብላ ዘጋች።

ለዘጠኙም ሰዎች እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ደወሉላቸው። አንድም የቀረ የለም። ቅዳሜ ማይክሮፎኑን ሰጡኝና «አንተ ነህ የምትነግራቸው» አሉኝ። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ያጠፋሁትንም አስረዳሁ።

ጋሽ መኩሪያ ሳቁ። «እኔ እኮ ይሄ ዕጩ ስንት ማይል ቢሮጥ ነው እያልኩ ነበር።» ሁሉም አብረው ሳቁ፣ እኔም ቀለል አለኝ። ቀጥዬ ሙሉውን ሐረግ አነበብኩ፤ ፕሬዝዳንቱ ቢሞት ጦሩን የሚያዘው ይህ ሰው መሆኑንም ጨምሬ ነገርኳቸው።

የጋሽ መኩሪያ ፊት ተለወጠ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ እዚህ አገር ወታደር ናት» አሉ። «ወደ ጦርነት የሚልካትን ሰው ነው በሳቅ የመረጥኩት?»

አወያዩ ሊቀጥል ሲል እትዬ በላይነሽ በእጃቸው አስቆሙት፤ እሱም ቆመ። ጋሽ መኩሪያ አራቱን ስሞች እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁ፣ ስለ እያንዳንዱም ጠይቀው ሲጨርሱ የስቴቷን ገዥ መረጡ። ከዘጠኙ ሰባቱ መልሳቸውን ለወጡ። ደንበኛዋ እንዳለችው ወደ ሌላ ድርጅት ሄደች፤ ዕጩውም በመጨረሻ ከአራቱ ውጪ የሆነ ሰው መረጠ። ሊንዳ እኔን አላባረረችኝም። የእትዬ በላይነሽን ያህል ሥራውን የሚያከብር ሰው ግን ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ለአዲስ አስተርጓሚዎች የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው። ሐረጉ ከረዘመባችሁ አታሳጥሩት። እጃችሁን አንሡና አወያዩን አስቁሙ፤ ይቆማል።