የእሳቱ ጉድጓድ ዘበኛ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ መጨረሻው ምን ያህል ነው? መምህሩ ኃይለኪሮስ ከወሎ ሰፈር ጀርባ ባለው ኮሌጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌውን ዘበኛ ባየ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣበታል።

ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች በተራ እያነደዱ ሲሞቁበት ያመሹትን ጉድጓድ ሳያይ ውሎ አያውቅም። ፀሐይ ቢወጣም ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ከአመዱ በላይ ይዘረጋና ሙቀቱን ያዳምጣል። ሁለት ጣቶቹ በቃጠሎ ጠባሳ ተጣብቀዋል።

«ይሄን ማነው ያዳፈነው?» አለ ዛሬም።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ወደ ክፍል የምታልፍ ፊዮሪ የምትባል ተማሪ። «አፈር አልብሼው ነው የሄድኩት። ጠፍቷል እኮ፣ አያካብዱ!»

«እናትሽ ፍም የምታዳፍነው እስከ ጠዋት እንዲቆይላት አይደል? የኔም ሚስት እንዳንቺው ጠፍቷል ብላ ነው የተኛችው።»

ልጅቷ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ዘበኛው አመዱን በእንጨት ሲገልጠው ፍሙ ቀላ። ከጀሪካኑ ውሃ አፈሰሰበት፣ አማሰለው፣ ደግሞ አፈሰሰበት። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ውሃ ሊቀዳ እያነከሰ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ዋናው በር ወረደ።

ኃይለኪሮስ ፊቱን አዞረ። የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳለ ዘበኛው በሰው አጽፎ ባመጣው ማመልከቻ ላይ «ወደፊት ይታያል» ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ የተሾሙት ሁለት ሰብሳቢዎችም እንደዚያው ጻፉበት። ሰውየው የለመነው ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ የውሃ ቧንቧ እንዲተከልለት ነበር።