አጥሩ ላይ የተሰቀለው ጣሳ

ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ የጓደኛዬ የሰናይት እናት ናት። አራተኛ ክፍል እያለሁ ያደረገችኝን ዛሬም አልረሳሁም። ከሞተች ቆይታለች፤ ቢሆንም አንቱ አልላትም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አምቦ ከወንዙ ዳር ጭቃ ቆፍረን እናመጣለን፣ እሷ ታበጃለች፣ ከዚያ በኩበትና በገለባ ይተኮሳል። ጭሱ ከቀሚሴ አይለቅም ነበር። የተሰበረው የእኔ ሀብት ነው። ገሉን ድንጋይ ላይ ፈትጌ አከብበውና ትምህርት ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሁሉም በእኔ ገል መጣል ይፈልጋል፤ ካረፈበት አይንሸራተትም። ሰናይት ያን ጊዜ እጄን አትለቅም ነበር።

አንድ ቀን ስንጫወት ውለን ውሃ ጠማንና አራታችንም ሰናይት ቤት ገባን። ወይዘሮ አስካለ ለሦስቱ በአንድ ኩባያ በየተራ ቀዳችላቸው። የእኔ ተራ ሲደርስ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺ እዚያው ደጅ ቁሚ የኔ ልጅ፤ ያንቺ አለ» አለችኝ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዕቃ ያረክሳል ይባል ነበር። የእኔ የተባለው አጥሩ ላይ በሽቦ የተሰቀለ የሳልሳ ጣሳ ነው። ኩባያዋ ጣሳውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ አንቆረቆረችልኝ። ውሃው የተቀዳበትን እንስራ አየሁት፤ አንገቱ ላይ እናቴ በአውራ ጣቷ የምታትመው ምልክት አለበት።

ለእናቴ ስነግራት እጇን ከጭቃው ሳታወጣ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዝም በዪ፤ ቅዳሜ የሚገዙን እነሱ ናቸው» አለች። ከዚያ ወዲያ ጣሳውን ከአጥሩ አውርዳ የምታቀብለኝ ራሷ ሰናይት ሆነች። አትስቅም፣ አታፍርም። ላጲስ እንደምታቀብለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የድሮ ተማሪዎች በቴሌግራም ተጠራርተን አምቦ አንድ ሆቴል ተሰበሰብን። ሁላችንም ሸብተናል። ሰናይት ማይክ ይዛ የዛሬ ልጆችን ስትወቅስ ቆየችና፣ «በእኛ ጊዜ ዘር ምንድን ነው? ከአንድ ኩባያ ጠጥተን ያደግን ነን» አለች። ተጨበጨበላት። እንባቸውን የጠረጉም ነበሩ።

መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እኔ በምን ነበር የምጠጣው ብዬ ጠየቅኳት።

«አንቺ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ኖርሽ?» ብላ ሳቀች። ዓይን ዓይኗን አየኋት። ሳቋ ጠፋ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በጣሳ» አለች።

እንግዲያው ላጨበጨቡልሽም ንገሪያቸው አልኳት። የደስታ ቀን ነው፣ አታበላሺብን አለችኝ።

ያ ዘመን እኔንም ይናፍቀኛል። የገሉ ልስላሴ አሁንም ጣቴ ላይ አለ። ልዩነት አልነበረም የሚሉት ግን እነሱ ቤት ውስጥ ስለነበሩ ነው፤ ልዩነቱ ደጅ ቆሞ ነበር። ዛሬ አጥር ላይ ጣሳ አይሰቀልም። ሽማግሌ ሲላክ ግን አጥንት ይቆጠራል፤ የእህቴ ልጅ ጋብቻ የፈረሰው የሸክላ ሠሪ ዘር ናት ተብሎ ነው።

ተነስቼ ማይኩን ወሰድኩ። የጣሳውን ነገር፣ ማን እንዳንቆረቆረችልኝና ማን እንዳቀበለችኝ በስማቸው ተናገርኩ። ማንም አላጨበጨበም። ቦታዬ ተመልሼ ምሳዬን ጨረስኩ። አምቦ ውሃ በብርጭቆ አስቀድቼ ጠጣሁና በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።