ከቡና ጋር የተሰጣ ሞተር

እኛ ሰፈር፣ የጅማው ጊንጆ፣ ቡና አስጥቶ ከቤት የሚወጣ ሰው የግቢውን በር አይቆልፍም። ዝናብ ድንገት ቢመጣ ቀድሞ የሰማ ጎረቤት ገብቶ እንዲያፍስለት ነው። ፈቃድ አይጠየቅም። የተኳረፈ እንኳ ቢሆን ኩርፊያውን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ይገባል፤ ቡናውን በጆንያ አፍሶ በረንዳ ላይ ያስጠጋና ሲወጣ ኩርፊያውን መልሶ ይለብሳል። እኔም ስንት ጊዜ እጄ ሊጥ እንደያዘ የሰው ቡና አፍሻለሁ። ይህን ልማድ የማያውቅ ሰው የኛን ሞተር ምን እንዳገኘው ብነግረው አይገባውም፤ አስቀድሜ መናገሬ ለዚሁ ነው።

መኪናዋ የባለቤቴ ናት። ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ነጥቶ አመድ የመሰለች አሮጌ ሴይቼንቶ፣ ትንሿ የጣሊያን መኪና። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው አጋሮ አካባቢ በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሞተረኛ ሆኖ ነው፤ እኔን ሙሽራ አድርጎ ከአጋሮ ጅማ ያመጣኝም በእሷው ነው። የዚያን ቀን ከይቡ ከተማ በላይ ያለውን ዳገት ወጥታ እንደጨረሰች ውሃዋ ፈልቶ ቆመችና፣ ሚዜዎቹ ከወንዝ ውሃ ቀድተው እስኪመጡ በቬሎዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። መንገደኛው ሁሉ “ልጅቷን ልትመልሷት ነው እንዴ?” እያለ ያሾፍብን ነበር። ልጆች ወለድን፣ ልጆቹም ወጥተው ሄዱ። እሷ ጭስ እየተፋች ብዙ ቆይታ አንድ ክረምት ላይ ጨርሳ ዝም አለች። ሸራ አልብሰን ጓሮ አቆምናት፤ ዶሮ ሲያድርባት ኖረ።

ከዚያ የባለቤቴ የዓይን ሕመም መጣ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ አንደኛው ፈጽሞ ሄዷል፣ ሁለተኛውም የቀረው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው፣ እሱም ብዙ አይቆይም አለ። ባለቤቴ ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው “አጋሮን አንዴ አይቼ ብመጣ” ያለው።

“ነገ በሚኒባስ እንሂዳ” አልኩት።

“በሚኒባስማ የማየው የሰው ጀርባ ነው። በመኪናዬ፣ ከፊት ተቀምጬ፣ ዛፉን፣ ቁልቁለቱን ላየው ነው የምፈልገው።”

“መኪናህ እኮ የዶሮ ቤት ናት።”

“እንሠራታለን። ዓይኔ እንጂ አፌ አልታወረም። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትፈቺያለሽ።”

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከልጆቼ ደብተርና ከሰው አፍ ለቀምኩት። መንጃ ፈቃድ እንኳ ያወጣሁት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፤ ፈታኙ “እማማ፣ ልጅ ሊሸኙ ነው የመጡት?” ብሎኝ ነበር። ግን ባለቤቴ ሞተር ሲፈታ ዕድሜ ልኬን ባትሪ ስይዝለት ኖሬያለሁ። ባትሪ የያዘ ሰው ደግሞ ሳይፈልግም ያያል።

ሞተሩን ከጅማው መርካቶ ባመጣናቸው ጫኝና አውራጆች አስወርደን በረንዳው ላይ ሳንቃ አነጠፍንለት። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመራኛል፣ እኔ እፈታለሁ። ቴስታታውን፣ ማለት የሞተሩን ራስ፣ አነሳሁ። ፒስቶኖቹን ከነክንዳቸው አወጣሁ። የእያንዳንዱ ክንድ እግር ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ ዋናውን ዘንግ አቅፎ በብሎን የሚታሰር ነው፤ የታችኛውን ግማሽ ክዳን እንለዋለን። አንዱን ክዳን ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ “ይኼ ከራሱ ክንድ ውጪ ለማንም አይሆንም” አለኝ። “ባልና ሚስት በያቸው። ተፋጭተው ተፋጭተው ነው የተላመዱት።”

“እንደኛ።”

“እንደኛ። ከተቀያየሩ ያንኳኳል። ከዚያ ይበላል። ከዚያ ዘንጉን ይዞ ይሞታል።”

ሌላ ሞተር ላይ ቁጥር ይመታበታል። የኛን ግን እሱ ራሱ ድሮ ከሁለት የሞቱ ሞተሮች አሰባስቦ ያቆመው ስለሆነ፣ ቁጥሩ ማሳሳት እንጂ መምራት አይችልም። ስለዚህ “ቦታቸው ምልክታቸው ይሁን” አለ። እያንዳንዱን በናፍጣ እያጠብኩ ከየት እንደወጣ በተራ ማሰለፍ ነበረብኝ። ቤት ውስጥ እንዳላስቀምጠው ሽታው ባለቤቴን ያስለዋል፤ በረንዳው ዶሮ ነው። ጓሮ ያለው የቡና ማስጫ አልጋ ግን ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ሽቦው ውሃ አያቁርም፣ ፀሐይ ያገኛል። ኅዳር ስለነበር ግማሹን ቡናችን ይዞታል። ቡና ሽታ ይወስዳልና መሃል ላይ ሰፊ ቦታ ትቼ፣ በሌላው ጫፍ ሞተሩን አሰጣሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት የፒስቶን ፋሻ፣ ማለት ቀለበቱ፣ መጥቷል ሲሉኝ መርካቶ ወረድኩ። በሩን አልቆለፍኩም። ሱቁ ውስጥ ፋሻውን እያገላበጥኩ ሳለ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደሚደፋ ሆነ። የኅዳር ዝናብ። ስለ ብረቱ አልደነገጥኩም፤ ብረት ቢረጥብ ይወለወላል። ለቡናው ደግሞ ጎረቤት አለ ብዬ ተረጋጋሁ።

ስመለስ ጎረቤታችን በረንዳችን ላይ ቆመው የራስ ሻሻቸውን ይጨምቃሉ። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ሁለቱ ምራቶቻቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው አጠገባቸው ይስቃሉ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ፣ አንድ ፍሬ አልረጠበም” አሉኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።”

“ኤዬ፣ ብረትሽንም አልተውኩት። ዝገት ይበላዋል ብዬ። ወላሂ ይከብዳል፣ ወገቤን ነው የቆረጠኝ።” በእግራቸው አንዱን ጆንያ ነካ አደረጉት።

ጆንያው ውስጥ ሁሉም ነበር። ክንዱ፣ ክዳኑ፣ ቫልቩ፣ ብሎኑ፣ ከቡናው ጋር ተዘባርቆ። አንድም ነገር አልጎደለም። ከተራው በስተቀር። እኔ ለሴትየዋ “ይግቡ፣ ሻይ ላፍላ” አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ባለቤቴ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። “ብረቱ እርስ በርሱ ሲጋጭ ሰማሁት” አለኝ። “ተዉት፣ ተዉት ብዬ ጮህኩ። ቆርቆሮው አላሰማም። ግድግዳ እየዳበስኩ በሩ ጋ ስደርስ ጨርሰው ነበር።”

“ሻዩን ይጠጡና እነግራቸዋለሁ።”

“ምን ብለሽ?”

“ሁለተኛ ብረቱን እንዳይነኩ።”

“ተይ። ከነገርሻቸው ሌላ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ቆም ብለው ያስባሉ። ቆም ብሎ ያሰበ የሰው ቡና አያተርፍም።”

አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ አያውቁም። የዚያን ዓመት ቡናችን ናፍጣ ናፍጣ ሲል እንኳ ከእኛ ጋር ጠጥተው “ውሃችሁ ነው” አሉን።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ማጋባት ሆነ። አንዱን ክዳን ካንዱ ክንድ ጋር አስሬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ መጋጠሚያው ላይ ጥፍሩን ይጎትታል። የተላመዱ ከሆኑ ጥፍር አይዙም። ከአራቱ ጥንድ ሁለቱ ወዲያው ታወቁ። የቀሩት ሁለቱ ግን እንዲህም ቢገጠሙ እንዲያም ቢገጠሙ፣ ጥፍሩን አንዴ ይዙታል፣ አንዴ ይለቁታል። ስንፈታና ስናስር ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥም ተከተለ፣ ጥፍሩ ተሰነጠቀ። እኔ አቻኩለዋለሁ፤ ሞተሩን ሳይሆን ዓይኑን ነው የማስበው። አንድ ቀን የብረቱን ክንድ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠና “አላውቅም” አለ። ስለ ሞተር ተጠይቆ አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

“አንቺ ምረጪ” አለኝ።

መረጥኩ።

ቴስታታውን ልዘጋ ጥቂት ሲቀረኝ ነው፣ ጥር ላይ፣ ቁርስ እየበላን “መስኮቱን ለምን አትከፍቺውም?” ያለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐይዋ እጁ ላይ አርፋለች። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁና መልሼ ከፈትኩት። ማጠፊያው ሲጮህ ሰማ። “እሺ” አለ፣ ዳቦውንም መብላት ተወ።

ሥራውን ለምን እንደቀጠልኩ አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ገጥሜ ጨረስኩ፣ ጫኝና አውራጆቹ መልሰው ሰቀሉት። ቁልፉን ሳዞር ሳል ያዛት፣ አጓራች፣ ከዚያ ተነሳች። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ጎረቤታችን ባጥሩ በኩል “መሎ እባካችሁ፣ ይኼ ነገር ነፍስ ነበረው እንዴ!” አሉ። እሱ አልሳቀም። ራሱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል።

የካቲት ሲገባ ወደ አጋሮ ወጣን። ኮቱን ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ ከፊት ተቀመጠ። ከተማውን እስክንወጣ ድረስ የማየውን እነግረው ነበር፤ እዚህ ፎቅ እየተሠራ ነው፣ እዚያ ዛፉን ቆርጠውታል።

“አትንገሪኝ” አለ። “ሞተሩን ልስማው።”

ይቡን እንዳለፍን ሽቅቡ ላይ መጣ፤ ሰው በጣቱ ጫፍ በር እንደሚያንኳኳ ያለ ቀጭን ድምፅ። እግሬን ሳላላ ይጠፋል፣ ስጫን ይመለሳል። ያልሰማሁ መሰልኩ።

“አቁሚ።”

አቆምኩ። መንገዱ ግራ ቀኙ ቡና ነው፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር። ድሮ በቬሎ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ በዓይኔ ፈለግኩ፤ መንገዱ አስፋልት ሲሆን አንስተውት ይሆናል፣ የለም።

“ቀስ ብዬ ከነዳሁ ታደርሰናለች” አልኩት።

“ታደርሰናለች። አትመልሰንም።”

“አትመልሰና። ለዚሁ አይደል የሠራናት?”

“የሠራናት እንዳይ ነበር። አሁን አጋሮ ብደርስ ሰው እጄን ይዞ ሲመራኝ ያየኛል እንጂ እኔ ማንን አያለሁ? ሞተሩን ግን እሰማዋለሁ። የቀረኝ እሱ ነው፣ አንግደለው። አዙሪ።”

አዞርኩ። ቁልቁለቱን ሁሉ እግሬን ሳልጫን ወረድኩ፤ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እሱ ፊቱን ወደ አጋሮ በኩል አላዞረም።

ጊንጆ ስንገባ ሰማዩ ጠቁሯል። የጎረቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቡናቸው አልጋው ላይ ነው፣ ሰው ግን የለም፤ ሁሉም ለቅሶ ሄደዋል። የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈ። ሞተሩን ሳላጠፋ ዘልዬ ሮጥኩ። ቡናውን በክንዴ እየጠረግሁ ወደ ጆንያ ከተትኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ታጥቦ የተሰጣ የሕፃን ጫማ፣ አጠገቡም ወንፊትና ማንኪያ ነበር። እጄ አልመረጠም፤ ሁሉንም ከቡናው ጋር ጠረገው። ምን እንዳደረግሁ ያየሁት ጆንያውን በረንዳቸው ላይ ጎትቼ ካሳረፍኩ በኋላ ነው።

መኪናዋ ውስጥ ስገባ ከራሴ ውሃ ይወርዳል። ያ ቀጭን ድምፅ ከዝናቡ ሥር ይሰማል።

“ረጠበ?” አለኝ።

“አንድ ፍሬ አልረጠበም።”

እጁን ሰዶ ቁልፉን ዳብሶ አገኘውና አጠፋው። “ክረምቱ ሲወጣ መልሰን እንፈታታለን” አለ። “እነዚያን ሁለቱን እንለዋውጣቸዋለን።”

“እሺ።”

ክረምቱ ወጣ። እሱም አላነሳውም፣ እኔም አላስታወስኩትም። ካቻቢቴው መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ጠዋት ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ አጥሩን እየዳበሰ ይሄድና ከፊት፣ በራሱ በኩል ይቀመጣል። አያስነሳትም። ለምን አታስነሳትም ስለው “ትቆይ” ይለኛል።