የበቅሎዋ ክርክር በፋሲል ግንብ

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከማራኪ በሚኒባስ ወርደን ፋሲል ግንብ ገብተን ሳለ፣ እዚያ ፎቶ ይነሡ ከነበሩት ሙሽሮች የአንዷ ቬሎ ከሙሽራው ካባ ቁልፍ ጋር ተጠላልፎ አልላቀቅ አለ። ሚዜዎቹ ከበው ሲጎትቱ፣ ሙሽራውም እንደሚጠመድ በሬ አንገቱን አዘንብሎ ሲጠብቅ፣ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ሰው ፊት የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ለማስነጠስ እንኳ ከቢሮ ወደ ኮሪደር የምወጣ ነኝ። ባልደረቦቼ ምን ነካት ብለው ሲያዩኝ ላስረዳቸው ፈለግሁና፣ እንደ ልማዴ፣ ተውኩት። የሳቅሁት በሙሽሮቹ አልነበረም። እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ያንኑ የእርጥብ ድንጋይና የሌሊት ወፍ ሽታ እያሸተትኩ፣ አባቴና አክስቴ በኩታና በነጠላ ተቋጥረው ሲዞሩ የዋሉበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ በሰፈራችን ደብር መሪጌታ ነበር። ከገጠር የመጣ ዘመድ፣ ለሰርግም ይምጣ ለሕክምና፣ ግንቡን ሳያይ አይመለስም። አባቴ ኩታውን አጣፍቶ፣ በመቋሚያው እየጠቆመ፣ ንጉሡ ምሳ በልተው ጋደም ያሉ ይመስል በሹክሹክታ ያስጎበኛል። እኛ ልጆች ኪሳችን ውስጥ የሞላነውን ቆሎ በእጃችን ጨብጠን እንከተላለን፤ መብላት ግን ክልክል ነው፤ በሰው ቤት ሳይጋበዙ አይበላም ይለናል። እኔም የነገሥታቱን ታሪክ ሳስብ ቀድሞ የሚታወሰኝ የሞቀና በላብ የራሰ የሽንብራ ቆሎ ነው።

አንድ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አክስቴ እታገኝ ከዳባት በላይ ካለው ደጋ መጣች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ገደል ማዶ ካለ ሰው ጋር ስታወራ የኖረች ስለሆነች፣ ቤት ውስጥ ስትናገር ጎረቤቶቻችንም አብረው ይሰሙ ነበር። የመጣችው ለነገር ነው። አያታችን ሲሞቱ ዳማ የምትባል አንዲት በቅሎ ለሁለቱ ትተው ነበርና አባቴ ትሸጥ ይላል፤ የቤታችን ጣሪያ ዝገት በልቶት ያፈሳል፤ ፍሳሹም ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል የሚወርደው በእኔ አልጋ ላይ ነው። እታገኝ ደግሞ ጉልበቷ ታሟል። ያለ በቅሎዋ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አትደርስም። ሳምንቱን ሙሉ ዳማ ከእራት ጋር ስትቀርብ ከርማ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ አባቴ ግንቡን ላሳይሽ አላት።

ከዋናው ግንብ ደጃፍ ስንደርስ ቆመና መቋሚያውን አነሣ።

«እዚህ ነው የተበደለ ሰው የሚጮኸው» አለ በሹክሹክታ። «ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ይመጣሉ፤ ዳኛ ሳይፈርድ አይፈቱም። በንጉሥ አምላክ ከተባለ መንገደኛም ቢሆን ቆሞ ይፈርዳል። ሥርዓት ነው።»

«ሸጋ ሥርዓት ነው» አለች እታገኝ።

እሱ ወደ ማማው ዞሮ ስለ ኖራው ሲናገር፣ እሷ የኩታውን ጫፍ ሳብ አድርጋ ከነጠላዋ ጥለት ጋር፣ ጭነት እንደሚታሰር አድርጋ፣ ጥርቅም አድርጋ ቋጠረችው።

«በንጉሥ አምላክ ቁምልኝ፣ አያ!»

ርግቦቹ ከማማው ላይ በሙሉ ተነሡ። እኔ ከታናሽ እህቴ ጀርባ ተደበቅሁ፤ እሷ ግን በጣም አጭር ነበረች።

«ምነው እታገኝ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይፍረድ ነው የምልህ!»

አባቴ ቋጠሮውን አየ፤ እኛን አየ። ሥርዓት ነው ያለበት አፉ ገና አልደረቀም። በተማሪዎቹ ላይ አንዲት ዜማ ስትዛነፍ ከመጀመሪያው የሚያስደግም ሰው፣ በልጆቹ ፊት ሥርዓት ሊያፈርስ አልቻለም። «እሺ፣ ዳኛ ፈልጊ» አለ።

ዳኛ መፈለግ ተጀመረ። ዘበኛው «እናቴ፣ እኔ ትኬት ነው የማየው» ብሎ ሸሸ። ሁለት ፈረንጆች ነገሩን በአስጎብኚያቸው በኩል በጽሞና ከሰሙ በኋላ አጨበጨቡና ፎቶ አነሡ። አንድ ሙሽራም ነበረ፤ እሱ «እማማ፣ እኔም ዛሬ ታስሬ ነው የመጣሁ» ብሎ ሚዜዎቹን አሳቃቸው። አባቴ እንደታሰረ ማስጎብኘቱን አላቋረጠም፤ የአንበሳ ቤቱን፣ የፈረሱን ጋጣ፣ መታጠቢያውን እያሳየ ይሄዳል፣ እሷም ከኋላው እየተጎተተች ስለ ጉልበቷ ትከራከራለች። ጠባብ ደረጃ ሲመጣ ማን ይቅደም ብለው ሌላ ክርክር ይከፍታሉ። በመጨረሻ ወደ ዋናው ግንብ ደጃፍ ስንመለስ ሰማዩ ጠቆረ፣ የሠርክ ጸሎቱም ደረሰ። ወንዱ በወንድ፣ ሴቷ በሴት በኩል ወደሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ተቋጥረው እንደማይገቡ ለሁላችንም ገባን።

«ይቺው ትፍረድ» አለች እታገኝ፣ ወደ እኔ እያመለከተች።

ክፍል ውስጥ አስተማሪው ስሜን ሲጠራ እንኳ «አለች» የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። አባቴ ግን ፈገግ አለ። ዳኛዋ ከፍሳሹ ሥር የምትተኛው ልጅ ናት፤ ነገሩን የረታ መስሎት «ትፍረድ! ትፍረድ!» አለና ራሱ አንሥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። እታገኝ ይህን ያሰበችው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቷ ጥቁር አለ፤ የታመመ ጉልበቷን በእጇ ይዛ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«በቅሎዋ ትቆይ» አልኩ ወደ ጫማዬ እያየሁ።

«አልተሰማም» አለ አባቴ።

«በቅሎዋ ትቆይ። እኔ አልጋዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋለሁ።»

አባቴ ከነታሰረው ኩታው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ «ተፈርዶብኛል» አለ። እታገኝ ግንባሬን ስትስመኝ እንባዋ አፍንጫዬ ላይ ወረደ፤ በዚያው አፏ «ዳኛስ የወንድሜ ልጅ!» ብላ ርግቦቹን ደግማ አስነሣቻቸው።

ቋጠሮው ግን ፍርዱን አልሰማም። የደጋ ቋጠሮ ነው፤ ራሷ እታገኝም አቃታት። ዘበኛው ጩቤ ቢያቀርብ አባቴ «በቃል የተፈታ በስለት አይቆረጥም» ብሎ ጎንበስ አለና በጥርሱ ያዘው። ታላቁ መሪጌታ በነገሥታቱ ደጃፍ ነጠላ ሲያኝክ፣ እኛ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሏችንን አውጥተን በላን፤ የከለከለንም አልነበረም።

ማታ አልጋዬን ያስጠጋልኝ ራሱ ነው። ዳማ እታገኝን ብዙ ዓመት ተሸከመቻት፤ ከዚያ ዳማ ሞተች፣ እታገኝም ተከተለቻት። ጣሪያው የታደሰው እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የተከራየሁት ክፍል ባያፈስም አልጋዬ እስከ ዛሬ ግድግዳው ጥግ ነው። ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ግን አንስቶ ድንጋይ ላይ የሚያስቀምጠኝና «አልተሰማም» የሚለኝ ሰው የለም፤ እኔም ያለዚያ ድምፄ አይወጣም።

የዚያን ቅዳሜ ማታ ለአባቴ ደውዬ ስለ ሙሽሮቹ ነገርኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ቬሎውን ማን ፈታው ታዲያ?»

«በመቀስ ቆረጡት።»

«ምነው፣ ከዚያ ሁሉ ሚዜ ጥርስ ያለው ጠፋ?» አለ።

የእታገኝ ነጠላ እኔ ጋ ነው። ጥለቱ ጫፍ ላይ የተበጣጠሰችው ቦታ እንዳለች ናት፤ አልሰፋኋትም። ያን ያኘኩት ጥርሶች ግን ከአባቴ አፍ አንድ በአንድ ረግፈዋል፤ ቋጣሪዋም የለችም።