የምሰሶው እንግጫ

ነገ ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ከገበያ ያመጣሁት የእንግጫ ሣር ሽታ ላሊበላ መለሰኝ፣ ደርግ ወንድሜን ዮሐንስን ለውትድርና ወደ ወሰደበት ዓመት።

በዋዜማው እናቴ የእኛን እንግጫ ራሳችን ላይ፣ የእሱን ምሰሶው ላይ አሰረችው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እንደ ልማዳቸው ዮሐንስ የተባሉትን ቅዱሳን ታሪክ ተረኩልን። መጥምቁ በረሃ አደገ፣ ወንጌላዊው ደሴት ተጋዘ፣ አፈወርቅ በስደት ሞተ፣ አጭሩ መነኩሴ ደረቅ እንጨት ውሃ እያጠጣ አለመለመ።

«የኛስ ዮሐንስ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ዮሐንስ የተባለ በረሃ አያጣውም፣ ልጄ» አሉ ምሰሶውን እያዩ።

እኔ በልቤ የያዝኩት የመነኩሴውን ታሪክ ነበር። በየማለዳው ምሰሶው ላይ ያለውን እንግጫ ውሃ አጠጣሁ። ወለሉ ጨቀየ። እናቴ ልትቆጣኝ ስትነሳ አባቴ «ተያት፣ ታጠጣው» አሉ።

ዛሬ የገዛሁት ሁለት እስር ነው። አንዱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኩት።